ለፕሪንስተኑ የከፍተኛ ጥናት ኢንስቲትዩት የሒሳብ ፌሎውሺፕ ማመልከት፦ ከድጋፍ ደብዳቤ እስከ ቪዛ

ኒው ጀርሲ ውስጥ ፕሪንስተን ከተማ የሚገኘው የከፍተኛ ጥናት ኢንስቲትዩት ተማሪ የለውም፤ ዲግሪም አይሰጥም። እ.ኤ.አ. በ1930 ተቋቁሞ መጀመሪያ የከፈተው የሒሳብ ክፍሉን ነው፤ አንስታይን፣ ቬብለን፣ ኸርማን ቫይል፣ ፎን ኖይማንና ጎደል የሠሩበት ቤት ነው። ክፍሉ በየዓመቱ ከመላው ዓለም የሒሳብ ተመራማሪዎችን «አባል» በሚል ስም ይጋብዛል። አባል የሆነ ሰው አበልና ቢሮ ያገኛል፣ በግቢው ውስጥ ቤት ይከራያል፣ የማስተማር ግዴታ የለበትም። የሚጠበቅበት በተርሙ ወቅት እዚያው ተቀምጦ መሥራት ነው። ኢንስቲትዩቱ ከጎረቤቱ ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር አንድ አይደለም። ሁለቱን አደባልቆ «በዩኒቨርሲቲያችሁ ለመሥራት» ብሎ የሚጀምር ማመልከቻ በየዓመቱ አይጠፋም፤ ጸሐፊው የት እንደሚያመለክት እንኳ እንዳላጣራ ከመጀመሪያው መስመር ያስታውቃል።

ማመልከቻውን የሚያነቡት የክፍሉ ፕሮፌሰሮችና በዘርፋችሁ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ፈተና የለም፤ የመጀመሪያ ዲግሪ ውጤት ከፍ ማለቱም አያድንም። ውሳኔው የሚቆመው በሁለት ነገር ላይ ነው፦ እስካሁን ምን አረጋገጣችሁ፣ ይህንንስ ጉዳዩን የሚያውቅ ሌላ ሰው እንዴት ይመሰክራል። የቀረው ሁሉ ለእነዚህ ሁለቱ ማሸጊያ ነው። አብዛኛው አመልካች ግን ጊዜውን የሚያጠፋው በማሸጊያው ላይ ነው።

የትኛው በር?

ዶክትሬቱን የጨረሰ ወይም እስከ መስከረም የሚጨርስ ሰው ለመደበኛ አባልነት ያመለክታል። አንደኛው ተርም ከሴፕቴምበር እስከ ዲሴምበር፣ ሁለተኛው ከጃንዩዋሪ እስከ ኤፕሪል ነው። ለአንዱ ብቻ ወይም ለሁለቱም መጠየቅ ይቻላል። ዓመቱን ሙሉ መምጣት የማይችል አስተማሪ «ሁለተኛው ተርም ብቻ ይመቸኛል» ብሎ በግልጽ ቢጽፍ ምንም አይጎዳውም። የሚጎዳው ስለ ጊዜው ምንም ሳይል መቅረቱ ነው።

ዶክትሬታቸውን ከያዙ 5 ዓመት የሞላቸውና 15 ዓመት ያላለፋቸው ደግሞ የፎን ኖይማን ፌሎውሺፕን መጠየቅ ይችላሉ። የቬብለን የምርምር መምህርነት ከፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ጋር በጋራ የሚሰጥ የ3 ዓመት ቦታ ሲሆን፣ ዶክትሬታቸውን ካገኙ ከ3 ዓመት ላልበለጣቸው ነው፤ ፉክክሩም እጅግ ጠባብ ነው። በኮምፒውተር ሳይንስና በዲስክሪት ሒሳብ ለሚሠሩ የተለየ የ2 ዓመት ፖስት ዶክ (ከዶክትሬት በኋላ የሚያዝ የምርምር ቦታ) አለ።

ከዚህ ሌላ ክፍሉ በየዓመቱ አንድ «ልዩ ዓመት» ያውጃል፤ የተወሰኑት አባላት በአንድ ርዕስ ዙሪያ ይሰበሰባሉ። የ2012–13ቱ በዩኒቫለንት መሠረቶች ላይ ነበር፣ የ2023–24ቱ በፒ-አዲክ አሪትሜቲክ ጂኦሜትሪ ላይ። ርዕሱ አስቀድሞ ስለሚታወጅ ሥራችሁ በእውነት ከእሱ ጋር የሚገናኝ ከሆነ በማመልከቻ ደብዳቤው ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር ላይ ተናገሩ። የማይገናኝ ከሆነ በግድ አታገናኙት። ከልዩው ርዕስ ውጭ ብዙ ሰው ይገባል፤ የተለጠፈ ግንኙነትን ግን በዘርፉ የሚሠራ ሰው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ይለየዋል።

ቀኑን ከኢትዮጵያ አቆጣጠር ጋር ማስታረቅ

የማመልከቻው የመጨረሻ ቀን ዲሴምበር 1 ነው። ይህ በአብዛኛው ዓመት ኅዳር 22፣ የኅዳር ጽዮን ማግስት ማለት ነው፤ ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ግን ራሱ ኅዳር 21 ላይ ይውላል። ማስታወቂያው «ማታ 11:59 በአሜሪካ ምሥራቅ ሰዓት» ካለ፣ አዲስ አበባ ላይ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነው። ይህን ሒሳብ ለትርፍ ጊዜ ብላችሁ አትያዙት። መብራት ይጠፋል፣ ኔትወርክ ይቆራረጣል፣ ድረ ገጹም በመጨረሻው ሰዓት ይጨናነቃል። ራሳችሁ የምትጭኑት ፋይል ሁሉ እስከ ኅዳር 15 ገብቶ ይለቅ።

ወደ ኋላ ስንቆጥር፦ የድጋፍ ደብዳቤ ጥያቄው በጥቅምት የመጀመሪያ ሳምንት ጸሐፊዎቹ እጅ ይግባ። የምርምር መግለጫው የመጀመሪያ ረቂቅ ነሐሴ ላይ ያልቃል፤ መስከረም ለሌላ ሰው አስነብቦ ለማረም ነው። ያልተላከ ጽሑፍ ካለ እስከ ሰኔ ድረስ አርካይቭ ላይ (ጽሑፎች ከመታተማቸው በፊት በነጻ የሚለጠፉበት ድረ ገጽ) መውጣት አለበት። አርካይቭ አዲስ ለሚያስገባ ሰው በዘርፉ ቀድሞ ያሳተመ ሰው ማረጋገጫ ሊጠይቅ ስለሚችል፣ ይህንን ለኅዳር ያስቀመጠ ሰው ጽሑፉን ሳያሳይ ያመለክታል። ደብዳቤ የሚጽፍላችሁ ሰው ፍለጋው ግን ከዚህ ሁሉ ቢያንስ አንድ ዓመት ይቀድማል።

ደብዳቤዎቹ

ሦስት የድጋፍ ደብዳቤ ያስፈልጋል። አንዱ የዶክትሬት አማካሪያችሁ መሆኑ የሚጠበቅ ነው፤ አማካሪው ሳይጽፍ ሲቀር አንባቢው «ምን ተፈጠረ?» ብሎ ይጠይቃል። የቀሩት ሁለቱ ላይ ነው አመልካቾች የሚሳሳቱት። የትምህርት ክፍል ኃላፊ፣ ዲን፣ የምርምር ምክትል ፕሬዚዳንት ይመረጣሉ፤ ሥልጣናቸው ከባድ ነው ተብሎ። እነዚህ ሰዎች «ታታሪ፣ ሥነ ምግባር ያለው፣ ከባልደረቦቹ ጋር ተግባቢ» ብለው ይጽፉና ማኅተም ያሳርፋሉ። ማኅተሙ እዚያ ምንም አይመዝንም። የሚመዝነው «በሁለተኛው ጽሑፉ ያረጋገጠው ቲዎረም ቀደም ሲል በዚህ ሁኔታ ብቻ የሚታወቀውን ውጤት ወደዚያ አስፍቶታል፤ ዘዴውን እኔም በሥራዬ ተጠቅሜበታለሁ» የሚል መስመር ነው። እንዲህ ብሎ ሊጽፍ የሚችለው ሥራችሁን ያነበበ ሰው ብቻ ነው፤ ሹመት ይኑረው አይኑረው ለውጥ የለውም።

ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ አማካሪያችሁም ተባባሪ ጸሐፊያችሁም ያልሆነ፣ ከተቋማችሁ ውጭ ያለ ሰው ይሁን። የአመልካቹ ጓደኛ ወይም አሳዳጊ ያልሆነ ሰው የሚሰጠው ምስክርነት ከሌሎቹ ይልቅ ይታመናል። ይህን ሰው ማግኘት ኢትዮጵያ ውስጥ ሆኖ ለሚሠራ የማመልከቻው ከባዱ ክፍል ነው፤ ግን መንገድ አለው። የማታውቁትን ታዋቂ ፕሮፌሰር «ሪኮመንዴሽን ይጻፉልኝ» ብሎ በኢሜይል መጠየቅ መንገድ አይደለም፤ ብዙዎቹ መልስ እንኳ አይሰጡም። የሚሠራው ጥያቄ ይዞ መቅረብ ነው፦ «በጽሑፍዎ ክፍል 4 ላይ ያለው ግምት በዚህ ምሳሌ ላይ አይሠራም፣ በዚህ ደካማ ግምት ግን ማረጋገጫው የሚያልፍ ይመስለኛል፤ ሦስት ገጽ አያይዤያለሁ»። እንዲህ ላለ ደብዳቤ መልስ የማይሰጥ የሒሳብ ሰው ጥቂት ነው። ከሁለት ሦስት ምልልስ በኋላ ሰውየው ሥራችሁን ያውቃል፤ በዓመቱ ደብዳቤ ብትጠይቁት አትደናገጡም፣ እሱም አይደናገጥም።

በአካል ለመገናኘት ደግሞ ትሪየስቴ፣ ጣልያን ያለው በአብዱስ ሰላም ስም የሚጠራው ዓለም አቀፍ የቲዎሪ ፊዚክስ ማዕከል ለኢትዮጵያውያን ከሁሉም ቅርብ ነው። ፓኪስታናዊው ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1964 ያቋቋመው ይህ ማዕከል የሒሳብ ክፍል አለው፤ በማደግ ላይ ካሉ አገሮች ለሚመጡ የአንድ ዓመት ዲፕሎማ ይሰጣል፣ አጫጭር ትምህርት ቤቶችና ጉባኤዎች ያካሂዳል፣ በአገራቸው እየሠሩ በየጊዜው ለሚመላለሱ ተመራማሪዎችም «አሶሺየት» የሚባል ፕሮግራም አለው። ለአጭር ትምህርት ቤት ሄዶ ጥግ ይዞ የተመለሰ ሰው ግን የጉዞውን ግማሽ አልተጠቀመበትም። የሻይ ሰዓት ላይ መምህሩን ይዞ አንድ ጥያቄ መጠየቅ፣ በሳምንቱ ደግሞ መልሱን ይዞ መጻፍ፣ ደብዳቤ ጸሐፊ የሚገኘው እንደዚህ ነው። በአፍሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ተቀጥረው ለሚሠሩ የሒሳብ ሰዎች ዓለም አቀፉ የሒሳብ ኅብረት ከሲሞንስ ፋውንዴሽን ጋር የሚሰጠው የምርምር ጉብኝት ድጋፍም አለ፤ አንድ የውጭ ተባባሪ ካገኛችሁ በኋላ ለመሄጃ ይሆናል።

በአገራችን የተለመደና በዚህ ማመልከቻ ላይ ሰው የሚጥል አንድ ልማድ አለ። ፕሮፌሰሩ «አንተው ረቅቀውና እኔ እፈርማለሁ» ይላል። ከትህትናና ከሥራ ብዛት የሚመጣ ስለሆነ ማንም እንደ ነውር አያየውም። ሦስቱም ደብዳቤዎች በአንድ እጅ ሲጻፉ ግን አንድ ዓይነት ዓረፍተ ነገር፣ አንድ ዓይነት ውዳሴ፣ አንዳንዴም አንድ ዓይነት የፊደል ስህተት ይዘው ይቀርባሉ፤ ጎን ለጎን ያነበባቸው ሰው ወዲያው ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ የቀረው ፋይልም አይታመንም። ይህን የሚል ፕሮፌሰር ሲያጋጥማችሁ «ዶክተር፣ ደብዳቤው ከእርስዎ በቀጥታ ነው የሚገባው፣ እኔ ላየውም አይፈቀድም፤ ለማስታወሻ እንዲሆንዎ ግን የውጤቶቹን አንድ ገጽ ማጠቃለያ ላምጣልዎት» በሉት። ማጠቃለያው ላይ ሐቁን ብቻ አስፍሩ፦ የቲዎረሙን ይዘት፣ ቀድሞ የሚታወቀውን፣ የታተመበትን መጽሔት፣ ሥራውን የጠቀሰ ሰው ካለ ስሙን። ውዳሴውን ለእሱ ተዉለት።

የጥያቄ ኢሜይሉ አጭር ይሁን። የት እንደምታመለክቱ፣ የመጨረሻው ቀን በፈረንጅና በኢትዮጵያ አቆጣጠር፣ እንዲያተኩሩበት የምትፈልጉት አንድ ውጤት፤ ከዚያም ሲቪ፣ የምርምር መግለጫና ሁለት ጽሑፍ በአባሪነት። በመጨረሻ ደግሞ የመውጫ በር ተዉ፦ «ጊዜ ካጠረዎት ወይም ሥራዬን በበቂ ካላወቁት ቢነግሩኝ ቅር አይለኝም»። በግማሽ ልብ የተጻፈ ደብዳቤ ካልተጻፈ ደብዳቤ ይከፋል። የደብዳቤው ጥንካሬ የሚጠረጠር ከሆነ ሌላ ሰው ለመፈለግ ጊዜው ያኔ ነው።

የምርምር መግለጫው

ርዝመቱ ከማጣቀሻ ውጭ ከ4 እስከ 6 ገጽ ይበቃል። ላቴክ በሚባለው የሒሳብ ጽሑፍ ማዘጋጃ ተሠርቶ በፒዲኤፍ ይገባል። የመጀመሪያውን ገጽ የሚያነበው በሒሳብ ሊቅ የሆነ፣ ግን በእናንተ ዘርፍ የማይሠራ ሰው ነው ብላችሁ ጻፉ። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ገጽ የሚያነበው ደግሞ ከእናንተ የበለጠ ዘርፉን የሚያውቅ ሰው ነው። በአንድ ጽሑፍ ሁለቱን ማስተናገድ ከባድ የሚሆነው ብዙዎች በተቃራኒው ስለሚሄዱ ነው፤ የመጀመሪያውን ገጽ በትርጓሜ ሞልተው ውጤታቸውን አራተኛው ገጽ ላይ ያወጡታል። እዚያ ሳይደርስ ተነብቦ ያለቀ ብዙ ነው።

ዋናው ቲዎረም በመጀመሪያው ገጽ ላይ፣ ቢቻል ከግማሹ በፊት፣ በሙሉ ይጻፍ። ልዩነቱን ለማየት ይህን ውሰዱ። ደካማው እንዲህ ይላል፦ «በኢ-ሊኒየር ኤሊፕቲክ እኩልታዎች መፍትሔ መኖር ላይ አዳዲስና ጠቃሚ ውጤቶችን አግኝቻለሁ፤ ውጤቶቹም በሳይንስና በምሕንድስና ሰፊ ተግባር አላቸው»። ከዚህ አንባቢው ምን ያዘ? ምንም። ጠንካራው እንዲህ ነው፦ «የዚህ እኩልታ መፍትሔ መኖሩ የሚታወቀው የክልሉ ድንበር ለስላሳ ሲሆን ብቻ ነበር። እኔ ድንበሩ ሊፕሺትዝ ሲሆንም መፍትሔ እንዳለ አረጋገጥሁ። አስቸጋሪው ነገር ማዕዘን ባለበት ነጥብ የመፍትሔው ግራዲየንት ሊፈነዳ መቻሉ ነው፤ ይህን ያለፍሁት ድንበሩ አጠገብ ክብደት ያለው ግምት በመሥራት ነው። ዘዴው ድንበሩ ከዚያ ሲከፋ ለምን እንደማይሠራም በክፍል 2 አሳያለሁ»። የታወቀው፣ አዲሱ፣ እንቅፋቱ፣ መሣሪያው፣ ወሰኑ፤ አምስቱም በአራት መስመር ገብተዋል። የመጨረሻዋን ዓረፍተ ነገር ብዙ ሰው ይፈራታል፤ ድክመት መናገር ይመስለዋል። በተግባር ግን የዘዴውን ወሰን የሚያውቅ ሰው ችግሩን እንደተረዳው ከምንም በላይ የምታሳይ እሷ ናት።

የቀደሙ ሰዎችን ሥራ በስም ጥቀሱ። «ብዙ ተመራማሪዎች ይህንን አጥንተዋል» ብሎ ማለፍ ሁለት ነገር ያስጠረጥራል፦ ወይ አላነበባችሁትም፣ ወይ የእናንተ ውጤት ከእነሱ ምን ያህል እንደሚለይ እንዲታይ አልፈለጋችሁም። ከጠቀሳችኋቸው አንዱ ራሱ አንባቢው ሊሆን እንደሚችልም አትርሱ።

የወደፊቱን ዕቅድ የሚመለከተው ክፍል ከገጹ ሲሶውን ይውሰድ። ሦስት ጥያቄ ይበቃል። አንዱ መንገዱ የታያችሁ፣ በአንድ ተርም ሊያልቅ የሚችል ይሁን፤ ሁለተኛው ግማሽ መንገዱ የታወቀ፤ ሦስተኛው ሩቅና ትልቅ። ለእያንዳንዱ የመጀመሪያውን እርምጃ ጻፉ፦ የትኛውን ልዩ ሁኔታ ትሞክራላችሁ፣ እስካሁን ምን አያችሁ፣ የት ቆማችሁ። በዓለም የታወቀ መቶ ዓመት ያስቆጠረ መላ ምት «እፈታለሁ» ብሎ ያለ አንዳች መነሻ መጻፍ ፋይሉን ያዘጋዋል። ከኢንስቲትዩቱ ሰዎች ጋር የሚያገናኝ ነገር ካለ አንድ አንቀጽ ላይ አሳዩ። ዴ ሌሊስ፣ ሉሪ፣ ቬንካቴሽ፣ ባት፣ ዊግደርሰን የተለያየ ዘርፍ አላቸው፤ ሁሉንም ደርድሮ «ከእነዚህ ታላላቅ ሊቃውንት መማር እፈልጋለሁ» ማለት ግንኙነት አይደለም። የአንዱ የትኛው ሥራ በእናንተ ጥያቄ ውስጥ የት እንደሚገባ መናገር ነው ግንኙነት። ከማንም ጋር ካልተገናኘም ዝም ማለት ይሻላል።

በቁጥር ስሌትና በፊክስድ ፖይንት አካባቢ ለሚሠሩ፣ በአገራችን ብዙ ሰው ያለበት ዘርፍ ስለሆነ፣ አንድ ግልጽ ነገር እንናገር። ኢንስቲትዩቱ ያተኮረው በንጹሕ ሒሳብና በቲዎሪ ኮምፒውተር ሳይንስ ላይ ነው። የአንድን ስልት የመጠጋት ፍጥነት በጥቂቱ ያሻሻለ ጽሑፍ ሌላ ቦታ ዋጋ ይኖረዋል፤ እዚህ ግን ከበስተጀርባው ያለውን ጥያቄ ካላወጣችሁት ብቻውን አይቆምም። ሥራችሁ ሙሉ በሙሉ ተግባራዊ ከሆነ ለዚያ የተሠራ ማዕከል ፈልጉ፤ አንድ ዓመት ከማቃጠል ያድናል።

ሲቪ፣ የጽሑፍ ዝርዝር፣ ስም

ሲቪው ሁለት ገጽ ይሁን። የጋብቻ ሁኔታ፣ የትውልድ ቀን፣ ፎቶግራፍ፣ የሥልጠና ሰርተፍኬቶች ዝርዝር አይግቡ። የኮሚቴ አባልነትም ቦታ ይይዛል እንጂ አይጠቅምም።

የጽሑፍ ዝርዝሩ ላይ ግን ቆም በሉ። አንባቢው ዝርዝሩን የሚያመሳክረው ማትሳይኔት ወይም ዜድቢማት በሚባሉት የሒሳብ ጽሑፎች የመረጃ ቋቶች ነው። ከፍሎ በሳምንት ውስጥ የሚያሳትም፣ በሁለቱም የማይገኝ መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ አይቆጠርም፤ ከበዛ ደግሞ የጥሩውንም ጽሑፍ ዋጋ ይበላል። በዩኒቨርሲቲ የማዕረግ ዕድገት የጽሑፍ ብዛት ይጠቅማል፤ እዚህ ቁጥር ሳይሆን አንድ ጠንካራ ጽሑፍ ነው የሚያሻው። ያሳተሙትን መደበቅ አያስፈልግም፤ ዋናዎቹን ሦስት ወይም አራት ከላይ አስቀምጡ፣ ሌሎቹን ከታች። ሁሉም መጽሔት ያስከፍላል ብለው ወደ እነዚያ መጽሔቶች የሚሄዱም አሉ፤ ይህ ሳያስፈልግ የሚከፈል ነው። የሒሳብ ዋና ዋና መጽሔቶች ከጸሐፊ ገንዘብ አይጠይቁም፤ ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲና ኢንስቲትዩቱ በጋራ የሚያዘጋጁት የሒሳብ አናልስም እንዲሁ። «ተልኳል» የሚል ጽሑፍ ሁሉ የአርካይቭ ቁጥሩ አብሮት ይጻፍ፤ ሊታይ የማይችል ጽሑፍ የለም ማለት ነው።

የስም ጉዳይ የኛ ሰው ልዩ ችግር ነው። ፓስፖርት ላይ የራስ፣ የአባትና የአያት ስም አለ፤ አንዱ ጽሑፍ ላይ በአባት፣ ሌላው ላይ በአያት ስም የታተመ፣ የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፉም የተለያየ ይሆናል። የመረጃ ቋቱ ሁለት ሰው አድርጎ ይይዘዋል፤ ግማሹ ሥራም ይጠፋል። ከዛሬ ጀምሮ አንድ አጻጻፍ ምረጡ፣ ከፓስፖርቱ ጋር የሚስማማ ቢሆን ይመረጣል፤ ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥር አውጡ፣ ማትሳይኔትንም የደራሲ መዝገቦቹን አዋሕዱልኝ ብላችሁ ጻፉ። ሲቪው ላይ «በእነዚህ ስሞችም ታትሟል» የሚል አንድ መስመር ይበቃል።

ማዝጆብስ ላይ ሲገባ

ማመልከቻው የሚላከው በአሜሪካ የሒሳብ ማኅበር ማዝጆብስ በሚባለው ድረ ገጽ ነው። ለአመልካች ነጻ ነው፤ ክፈሉ የሚላችሁ ሰው ካለ አታላይ ነው። መጀመሪያ የመሸፈኛ ቅጹ ይሞላል፤ እዚያ ላይ የሒሳብ ዘርፍ መለያ ቁጥር ይጠየቃል፦ 11 የቁጥር ንድፈ ሐሳብ፣ 14 አልጀብራዊ ጂኦሜትሪ፣ 35 ፓርሻል ዲፈረንሻል እኩልታ፣ 47 ኦፐሬተር ቲዎሪ፣ 53 ዲፈረንሻል ጂኦሜትሪ፣ 60 ፕሮባቢሊቲ። ይህን ቁጥር በግድየለሽነት አትምረጡት፤ ፋይሉ የትኛው ሰው እጅ እንደሚገባ የሚወስን ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የደብዳቤ ጸሐፊዎቹ ስምና ኢሜይል ይገባል፤ ጥያቄው በድረ ገጹ በኩል ይላክላቸዋል። የዩኒቨርሲቲ ኢሜይላቸውን ተጠቀሙ፤ የማይሠራ ከሆነ ግን የሚከፍቱትን። መልእክቱ ብዙ ጊዜ ከአላስፈላጊ ኢሜይሎች ማኅደር ውስጥ ይወድቃል፤ በዚያው ቀን ደውላችሁ «ከማዝጆብስ የመጣ ኢሜይል አለ፣ ስፓም ውስጥም ይዩልኝ» በሏቸው። የሚዘነጋው ደረጃ ቀጥሎ ያለው ነው፦ ደብዳቤው ድረ ገጹ ላይ መግባቱ ብቻውን አይበቃም፤ ከዚህ ማመልከቻ ጋር መያያዙን ማየት አለባችሁ። ለሌላ ቦታ የገባ ደብዳቤ ለኢንስቲትዩቱ ሳይመደብ ቀርቶ ፋይሉ ሁለት ደብዳቤ ይዞ የተነበበ አመልካች አለ። ደብዳቤው ውስጥ ምን እንዳለ አታዩም፤ መድረስ አለመድረሱን ግን ታያላችሁ። ካልደረሰ ቀኑ ሁለት ሳምንት ሲቀረው አንድ ጊዜ፣ ሦስት ቀን ሲቀረው ደግሞ ሌላ ጊዜ አስታውሱ።

ያው ፋይል በትንሽ ማስተካከያ በርክሊ ላለው የሒሳብ ምርምር ተቋምና ለሌሎች የአሜሪካ ፖስት ዶኮች ያገለግላል። ቦን ያለው የማክስ ፕላንክ የሒሳብ ኢንስቲትዩትና የትሪየስቴው ማዕከል የራሳቸው ማመልከቻ ገጽ አላቸው። አንድ ቦታ ብቻ አመልክቶ መጠበቅ ብልህነት አይደለም፤ የኢንስቲትዩቱን ስም ሳይቀይሩ ለሌላው መላክ ደግሞ ከዚያ ይከፋል።

ግብዣው ሲመጣ

መልስ ከጥር ጀምሮ ይመጣል። የመልስ ጊዜ ገደቡን ከግብዣው ደብዳቤ ላይ ያዙ፤ ሌላ ቦታ የምትጠብቁ ከሆነ በጨዋነት ትንሽ ቀን መጠየቅ ያለ ነው። አገር ቤት የተቀጠረ ሰው በዚያው ሳምንት ለዩኒቨርሲቲው የምርምር ፈቃድ ወይም የሳባቲካል ጥያቄ ያስገባ። ትምህርት ክፍል፣ ኮሌጅ፣ ሴኔት ድረስ ሊሄድ ስለሚችል ወራት ይፈጃል። ደመወዙ ይቀጥላል ወይ፣ ተመልሶ የማገልገል ውል ይፈረማል ወይ የሚለውን በጽሑፍ ያዙ፤ ኢንስቲትዩቱ አበሉን ሲወስን ከሌላ ቦታ ምን እንደሚከፈላችሁ ይጠይቃል።

የቤት ጥያቄውን ቶሎ ሙሉ። ቤቶቹ የቤት ዕቃ ያላቸው ሲሆን በቤተሰቡ ብዛት ይደለደላሉ። ሕፃናት ካሉ ግቢው ውስጥ መዋዕለ ሕፃናት አለ፤ ክፍያው ግን ለብቻው ነው።

ጄ-1 ለሚባለው የልውውጥ ጎብኚ ቪዛ ኢንስቲትዩቱ ዲኤስ-2019 የሚባለውን ቅጽ ያወጣል። ከዚያ ሴቪስ የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የተማሪዎችና የልውውጥ ጎብኚዎች መዝገብ ክፍያ ይከፈላል፤ በውጭ ምንዛሪ ካርድ ስለሚጠየቅ ውጭ ያለ ዘመድ ወይም ወዳጅ በስማችሁ ሊከፍልላችሁ ይችላል፤ ደረሰኙን ያዙ። ዲኤስ-160 የሚባለውን የቪዛ ማመልከቻ ቅጽ ሞልታችሁ አዲስ አበባ ኤምባሲው ቀጠሮ ያዙ። ቀጠሮ የሚራዘምበት ጊዜ ስላለ ሰነዱ እንደደረሰ ጀምሩ። ለቃለ መጠይቁ ምርምራችሁን ሒሳብ ለማያውቅ ሰው በሦስት ዓረፍተ ነገር መናገር ተለማመዱ፤ ከጽሑፍ ዝርዝራችሁ ጋር አንድ ገጽ ቀላል ማብራሪያም ያዙ። በኢንክሪፕሽን አካባቢ የሚሠራ ሰው ተጨማሪ ማጣራት ሊጠየቅና ሳምንታት ሊቆይ ይችላል። ወደ አገር የሚመልሳችሁን ነገር የሚያሳይ የዩኒቨርሲቲው የፈቃድ ደብዳቤ ከሁሉም ሰነድ ይበልጣል። ባለቤትና ልጆች ጄ-2 በሚባለው የቤተሰብ ቪዛ ይሄዳሉ፤ የጋብቻና የልደት ማስረጃ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞና ተረጋግጦ ይያዝ። ከፕሮግራሙ መጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በፊት መግባት አይቻልም፤ ቲኬቱን ከዚህ አንጻር ቁረጡ።

ቅጹን ስትቀበሉ ሁለት ነገር አንብቡ። አንደኛው ሁለት ዓመት አገር ቤት የመመለስ ግዴታ አለ ወይስ የለም የሚለው ነው፤ የገንዘቡ ምንጭ መንግሥታዊ ከሆነ ሊመጣ ይችላል፣ ካለም እስኪፈጸም ወይም እስኪነሣ ድረስ ኤች-1ቢ የሚባለውን የሥራ ቪዛም ግሪን ካርድም ይከለክላል። ሁለተኛው ምድቡ ነው። «የምርምር ስኮላር» ተብሎ የተሰጠ ጄ-1 ሲያበቃ በዚያው ምድብ እንደገና ለመግባት 24 ወር መጠበቅ ግድ ነው። የተጋበዛችሁት ለአንድ ተርም ብቻ ከሆነና በሚቀጥለው ዓመት ሌላ የአሜሪካ ፖስት ዶክ የምታስቡ ከሆነ፣ ሰነዱ ከመውጣቱ በፊት የቪዛ ክፍሉን «የአጭር ጊዜ ስኮላር» ምድብ ይቻል እንደሆነ ጠይቁ፤ ይህ እስከ 6 ወር የሚሰጥና የ24 ወሩ ክልከላ የሌለበት ነው። ቅጹ ከወጣና አሜሪካ ከገባችሁ በኋላ ምድብ ማስቀየር ግን እጅግ አስቸጋሪ ነው።